ቃሉን በየትኛው ተራ ሰማኸው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

መርካቶ ገብተህ «ሸማ ተራ የት ነው?» ብለህ ብትጠይቅ ተሸካሚው ሳይቀር በእጁ ያመለክትሃል። «ተራ» አንድ ዓይነት ሸቀጥ የሚሸጡ ነጋዴዎች የተደረደሩበት ስፍራ መሆኑን ያውቃልና። ያው ሰው ታክሲ ሲጠብቅ «ተራዬ ነው» ይላል፤ ሲናደድም «ተራ ሰው» ብሎ ይሳደባል። አንዱን ከሌላው አያምታታም። ምናለሽ ተራ የሚሠሩ ወገኖቻችንም በስሙ ተሰደብን ብለው አያውቁም።

ለሸቀጥ ያለን ይህ ጥንቃቄ ለሃይማኖታችን ቃል ስለ ምን ጎደለን?

ይህን ያስጻፈኝ በዚሁ በመርካቶ ሱቅ የሚሠራ፣ ከእኛ ጋር አብሮ ያደገ አንድ ወንድማችን ነው። «ዲያቆን፣ ክርስቶስ አንድ ባሕርይ ነው ካላችሁ ሰው መሆኑን ክዳችኋል፤ በስልኬ አንብቤዋለሁ» አለኝ። ያነበበው «ሞኖፊዚት» የሚለውን ስያሜ ነበር። እኔም «አባቶቻችን ያስተማሩን ይህ ነው» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ቃሉን አልፈታሁለትም። ከዚያ ወዲህ በጉባኤያችን አላየሁትም።

እኔ በዩኒቨርሲቲ የምማረው ሥነ ልቦና ነው። በዚያ «ባሕርይ» ሲባል የሰው አድራጎትና አመል ማለት ነው፤ በትምህርት፣ በዕድሜ፣ በሕመም ይለወጣል። ኬሚስትሪ የሚማረው ጓደኛዬ ስለ ብረት ባሕርይ ሲናገር መቅለጡንና መዛጉን ይቆጥራል። በግእዝ ደግሞ ቃሉ የከበረውን ዕንቍ ጭምር ይጠራል፤ «ዕንቈ ባሕርይ» የምንለው ከዚህ ነው። በነገረ ሃይማኖት ግን ባሕርይ አንድን ነገር ያን ነገር የሚያሰኘው ምንነቱ ነው። አሁን አስብ፤ «ወልድ የአብ የባሕርይ ልጅ ነው» የሚለውን ትምህርት አንድ ተማሪ በሥነ ልቦናው ፍቺ ቢሰማው ምን ይረዳል? አባቱን በአመል የሚመስል ልጅ! ይህ ተማሪ ሳያውቀው ወደ አርዮስ ደጅ ደርሷል፤ የሸኘነውም እኛው ነን። «ሦስት አካል» የሚለውንስ በሥነ ሕይወት መጽሐፉ ቢተረጉመው? ሦስት ሥጋ ያላቸው ሦስት አማልክት ይሆኑበታል። የመሥሪያ ቤቱን «የሚመለከተው አካል» የሰማ ሰው እጅና እግር እንደማይፈልግለት ሁሉ እዚህም ቃሉን በስፍራው ሊሰማው ይገባ ነበር። የመርካቶ ነጋዴ ማኅበር አቋቁሞ «የሕግ ሰውነት አገኘ» ሲባል ማኅበሩን ሐኪም ቤት አይወስደውም።

አንዳንዶች «ይህ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ዋናው ልብ ነው» ይላሉ። እነዚህን አጥብቄ እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ362 በእስክንድርያ በተደረገው ጉባኤ ገሚሶቹ «ሦስት ሂፖስታሲስ» ሲሉ ገሚሶቹ «አንድ ሂፖስታሲስ» ይሉ ነበር። ለአገራችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመልን ቅዱስ አትናቴዎስ ግን ለመወገዝ አልቸኮለም፤ ጉባኤው ሁለቱንም ወገን በቃሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀ። የፊተኞቹ አካላትን፣ የኋለኞቹ ባሕርይን ማለታቸው ሆኖ ተገኘ። አንዱም አርዮሳዊ፣ ሌላውም ሰባልዮሳዊ አልነበረም። ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ቅዱሱ ባልደከመበት ነበር።

በ451 በኬልቄዶን የሆነው ግን እስከ ዛሬ አልሻረም። አባቶቻችን «ሁለት ባሕርይ» የሚለውን ያልተቀበሉት ሥግው ቃል ለሁለት እንዳይከፈል ነው። «አንድ ባሕርይ» ስንል በተዋሕዶ የሆነውን አንድነት እንናገራለን፤ ሥጋው በመለኮት ተዋጠ የሚለውን የአውጣኪን ትምህርት ቤተ ክርስቲያናችን ታወግዛለች። «ሞኖፊዚት» የሚለው ስያሜ ያን ያወገዝነውን መልሶ በእኛ ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ምሁራን «ሚያፊዚት» ማለትን ይመርጣሉ፤ «ሚያ» የቅዱስ ቄርሎስ ቃል ነውና። በ1964 በዴንማርክ የተጀመረው የሁለቱ ወገን ሊቃውንት ውይይት በ1971 በዚህችው በአዲስ አበባ ቀጥሎ ነበር። ጉባኤው ይፋዊ አልነበረም፤ ልዩነቱ ሁሉ የቃል ብቻ ነው ብዬም አልጽፍም። ነገር ግን ሊቃውንቱ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ በተለያየ አነጋገር የሚገለጸው እውነት አንድ መሆኑን መስክረዋል። እነርሱ ቃል ለመመርመር ባሕር ተሻገሩ፤ እኛ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመን መመርመር አቃተን።

ወቀሳዬ በምናስተምር በእኛም ላይ ነው። ጠያቂውን «መናፍቅ» ማለት ቃል ከመፍታት ይቀላል፤ ድምፅም ይበቃዋል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በመምህራቸው በክፍለ ጊዮርጊስ ተጀምሮ፣ በእርሳቸው ተደክሞበት፣ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ሦስት ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ለቃል ፍቺ ሰጡ። እኛ ደግሞ መጽሐፉን በቁም ሣጥን ቆልፈን ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ እንጠያየቃለን።

አንተ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብህ፣ ጥያቄህ ትክክል ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ መዝገበ ቃላቱን ይዤ ሱቅህ እመጣለሁ፤ ከ«ባሕርይ» እንጀምራለን፤ ደንበኛ ከገባ እጠብቅሃለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።