የታመመ ሰው ይቀመጥ ማለት ይብቃን



ባለፈው ክረምት የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ስንጠርግ አንድ አባት አካፋቸውን ይዘው መጡ። ስኳር እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቃለን። «እርስዎማ ታመዋል፣ ይግቡና ይረፉ» ብለን መለስናቸው። ያዘንንላቸው መስሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከደጃቸው ራቅ ሲሉ አላየናቸውም። ጥፋቱ የኛ ነው።

ስኳርና ደም ግፊት እንደ ጉንፋን ተኝተው የሚያሳልፏቸው አይደሉም፤ ከሰው ጋር አብረው ይኖራሉ። ሰው ሲንቀሳቀስ ጡንቻው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ይጠቀምበታል፣ ግፊቱም እየዋለ እያደረ ረገብ ይላል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ የቆየ ሕመም ያለበትም ሰው አቅሙ ከፈቀደ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ በእግር ደርሶ መመለስም ይቆጠራል።

እርግጥ ላስታ ዳገት ነው፤ ከተማችንም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ ተቀምጦ የከረመ ሰው በመጀመሪያው ቀን አሸተን ማርያምን ልውጣ አይበል። ሜዳ ሜዳውን በ10 ደቂቃ ይጀምር። እየሄደ መነጋገር ካቃተው ፈጥኗልና ይቀንስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ጥንቃቄውም አይረሳ። አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በባዶ ሆዱ ዳገት አይውጣ፤ ኪሱ ውስጥም ስኳር ወይም ከረሜላ አይጥፋ። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ተቀምጦ ቶሎ ይቅመስ። የስኳር በሽታ እግርን ያደነዝዛልና በባዶ እግር መንገድ አይኬድ። ቤተ ክርስቲያን ጫማችንን አውልቀን ድንጋዩን ረግጠን በተመለስን ቀንም፣ ቁስል እንዳይኖር ማታ እግራችንን እንይ። ደረቱን የጨነቀው ወይም የወጋው ሰው እዚያው ይቁም፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

ከጤነኞቹ የሚፈለገው ደግሞ ቀላል ነው። የታመመ ጎረቤት ሲነሣ አናስቀምጠው፤ አብረነው እንሂድ፣ እርምጃችንንም በእሱ እርምጃ እንለካ። በሚቀጥለው የጽዳት ቀን እኒያን አባት ራሳችን ሄደን እንጠራቸዋለን። ቀለል ያለውን ሥራ እንሰጣቸዋለን፣ ሲደክማቸውም ያርፋሉ።

ይህን ያነበባችሁ፣ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ ንገሩልን።