የቤት ራውተር ስለሚያስቀረው መልእክት

ባለፈው ወር እናታችን በሌሊት ታመው ሐኪም ቤት በገቡ ጊዜ ታናሽ ወንድማችን ከሕሙማን ክፍል ሆኖ መደወል ስላልተመቸው በኢንተርኔት ሦስት ጊዜ ጽፎልን ነበር። ስልካችን ግን ከራስጌያችን ተቀምጦ ሳለ አንዳች ድምፅ አላሰማም። ሲነጋ ብናነሣው ሦስቱም መልእክት ባንድነት ደረሰ። እናታችን ድነው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ወንድማችን ግን አይተን ችላ ያልን መስሎት ሁለት ሳምንት ያህል አኰረፈን።

እኛም አስቀድመን ስልኩን መረመርን። ማሳወቂያው ተፈቅዷል፤ ባትሪ ቈጣቢውም አልተከፈተም። ዋይፋዩን ዘግተን በሞባይል ዳታ በሞከርነው ጊዜ መልእክቱ ወዲያው ጮኸ። ወደ ዋይፋይ መልሰን ስልኩን ጥቂት ብናሳርፈው እንደ ገና ዝም አለ። ከዚህም የተነሣ ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን የራውተሩ መሆኑን ተረዳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ባረፈ ጊዜ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለየራሱ መልእክት አይጠባበቅም። አንድሮይድ የሆነ እንደ ሆነ ከጉግል፥ አይፎን የሆነ እንደ ሆነ ከአፕል ጋራ አንድ መሥመር ከፍቶ ይቈያል፤ ማሳወቂያውም የሚመጣው በዚሁ መሥመር ነው። መሥመሩ የሚያልፍበት በር ቍጥር አለው፤ የጉግል ከ5228 እስከ 5230፥ የአፕል 5223 ሲሆን፥ 443 ለሁለቱም በምትክ ያገለግላል። ፋየርዎል የሚባለው የራውተሩ ኬላ ከመጠን በላይ ከጠበቀ እነዚህን በሮች ሊዘጋ ይችላል።

በኛ ቤት የተገኘው ጕድለት ግን ሌላ ነው። ራውተር የሚያሳልፈውን መሥመር ሁሉ በመዝገቡ ይይዛል፤ ወሬ የማይመላለስበትንም ጥቂት ጠብቆ ይሰርዘዋል። ስልኩ መሰረዙን አያውቅምና፥ ራሱ እስኪናገር ድረስ በሞተ መሥመር ላይ ሲጠባበቅ ያድራል። አንድ ዘመዳችን ኢንተርኔቱን አፈጥናለሁ ብሎ ይህን ጊዜ 300 ሴኮንድ፥ ማለት 5 ደቂቃ አድርጎት ኖሯል። (ኢንተርኔቱም አልፈጠነም።) ጉግል ከ30 ደቂቃ እንዳያንስ ይመክራል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 የወጣው የኢንተርኔት መመሪያ ደግሞ ቢያንስ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይላል፤ ይኸውም 7440 ሴኮንድ ነው።

ይህን ለማስተካከል የሚወድ አንባቢ በራውተሩ ግርጌ የተለጠፈውን አድራሻ፥ በብዙዎቹ 192.168.1.1 የሆነውን፥ በኮምፒዩተር ከፍቶ «ቲሲፒ ታይምአውት» የሚለውን ይፈልግ። ከመንካቱ በፊት ገጹን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ባንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይለውጥ። ኬላውንም ከከፍተኛው ወደ መካከለኛው ዝቅ ማድረግ ይበቃል እንጂ ፈጽሞ ማንሣት አይገባም፤ ቤቱን ለሌባ መክፈት ይሆናልና። አንዳንዱ ራውተር ይህን ቅንብር ጨርሶ አያሳይም፤ እንዲህ ሲሆን አገልግሎቱን የሚሰጠውን ድርጅት መጠየቅ ነው።

እኛ 7440 ብለን ከጻፍን በኋላ ወንድማችን ራሱ እንዲፈትነው ለመንነው። ስልኩን ሳንነካ አንድ ሰዓት አስቀመጥነው፤ እርሱም ጻፈ፤ ስልኩም ወዲያው ጮኸ።