ዓመቱን በኪሎ አንመዝነው



 መስከረም ሲጠባ ሁላችንም ለራሳችን አንድ አንድ ቃል እንገባለን። ባለፈው መስከረም በሰፈራችን ከተገቡት ቃሎች አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ተሰባስቦ በእግር መጓዝና ሰውነትን ማፍታታት ነበር። ዓመቱ ስላለቀ ምን እንዳተረፍንበት በግልጽ መነጋገር ይገባናል።

ሰው ሲያገኘን የሚጠይቀን «ስንት ኪሎ ቀነሳችሁ?» እያለ ነው። በበኩላችን ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ሚዛን አይመስለንም። ከመካከላችን አንድም ኪሎ ያልቀነሱ አሉ። ነገር ግን ገበያ ደርሰው ለመመለስ ሦስት ጊዜ ያርፉ የነበሩ እናቶች ዛሬ ዘንቢላቸውን ይዘው ሳያርፉ ይመለሳሉ። ቀድሞ አንገቱን ደፍቶ ያልፍ የነበረ ወጣት አሁን ከፊት ቆሞ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ያሠራናል፤ አባቶችም የልጅ ትእዛዝ ተቀብለው እጃቸውን ያነሳሉ። ፈጣኑ ቀርፋፋውን መጠበቅ ለምዷል። «እኔ ምንም የለብኝም» ሲሉ የነበሩ አንዳንዶችም ጎረቤት ጎትጉቷቸው ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ግፊታቸውን ተለክተዋል። እንደሚታወቀው የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ሰውየው ደኅና ነኝ እያለ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ይህ ሁሉ በኪሎ አይለካም።

ይሁን እንጂ የጎደለውንም መናገር አለብን። በየካቲት ወር ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ልዩነት ገቡ። በጾም ወቅት ጉልበት ሲደክም ማረፍ የሚያስወቅስ አይደለም። ችግሩ ዒዱም ፋሲካውም ካለፈ በኋላ ብዙዎች ሳይመለሱ መቅረታቸው ነው። ቀጥሎ ክረምቱ ገባ፣ ጭቃው መጣ፣ «ነገ፣ ነገ» ተባለ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት በአብዛኛው ድሮም ጠንካራ የነበሩት ወጣቶች ናቸው። ስኳርና ግፊት ያለባቸው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉት፣ ማለትም ነገሩ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቤታቸው ቀሩ።

ለምን ቀራችሁ ሲባሉ የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ «እኔ ሥራዬ ራሱ ስፖርት ነው» ይላል። ሽንኩርትና ቲማቲም ማሳ ላይ ጎንበስ ብሎ ለሚውል ሰው ይህ እውነት ነው፤ እሱን ተጨማሪ ሩጥ አንለውም፤ ወገቡን የሚያፍታታበት ደቂቃና ዕረፍት ይበቃዋል። ነገር ግን ባጃጅ የሚያሽከረክረው፣ ሱቅ የሚጠብቀው፣ ልብስ የሚሰፋውና ቢሮ የሚውለው ይህን ማለት አይችልም። ሌላው «ጫማ የለኝም» ይላል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ልክ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። በባዶ እግራችሁ ኑ ማለታችን አይደለም፤ እሾሁና ጠርሙሱ አይፈቅድም። ለመራመድ ግን የዘወትሩ ጫማ ይበቃል ለማለት ያህል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህ በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። እንግዲህ የቅዳሜው ብቻውን አይሞላም፤ የቅዳሜው ጥቅም የቀሩትን ቀናት እንዳንረሳ ማድረጉ ነው።

ሳይቋረጥ መዘጋጀት ምን እንደሚሠራ በቅርቡ ያየነው ነገር አለ። ታምራት ቶላ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት እንደማይሮጥ ሲታወቅ፣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ታምራት ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ተጠባባቂ ነኝ ብሎ ልምምዱን ትቶ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሳምንት ምን ያደርግለት ነበር? እኛ ሜዳሊያ አንጠብቅም። ሕመም ግን ለእኛም ቀጠሮ ሰጥቶ አይመጣም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ ሰው ብቻውን የገባው ቃል ቶሎ ይላላል። ዕቁባችንና ዕድራችን ለዓመታት የዘለቁት ግን ሰዉ ሁሉ ብርቱ ስለሆነ አይደለም፤ ሲቀር የሚጠይቀው ስላለ ነው። ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። መልካም ነው። ነገር ግን ሰውየው በሕይወት ሳለ አብሮት ግማሽ ሰዓት የሚራመድ ካልተገኘ፣ ለቀብሩ መሰብሰባችን ብቻውን ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ የቅዳሜው እንቅስቃሴ የዕድሩ ጉዳይ ይሁን እንላለን። ይኸውም፦

አንደኛ፣ ሁለት ቅዳሜ የቀረ ሰው ቅጣት አይጣልበት፤ ቅርብ ያለው ጎረቤት በሩን አንኳኩቶ «ደኅና ነህ ወይ?» ይበለው። ሁለተኛ፣ በማለዳ እንጀራ መጋገርና ልጅ ማሰናዳት ያለባቸው እናቶች ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሚሰበሰቡበት ሌላ ሰዓት ይኑር። ሦስተኛ፣ ከጤና ጣቢያው ጋር በመነጋገር በወርኃዊው የዕድር ስብሰባ ቀን የደም ግፊት የሚለካ ባለሙያ ይጋበዝ።

ሁለት ማሳሰቢያዎችም አሉን። ማለዳ ገና ሳይነጋ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር መሮጥ ይቅር፤ ከባድ መኪና ይበዛበታል፤ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ይሻላል። ሌላው፣ በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ይህ ጥርስን ከማበለዙ ሌላ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አከርካሪንና መገጣጠሚያን ሊያደርቅ ይችላል። ስለሆነም ወገባቸው ወይም አንገታቸው አልታጠፍ ያላቸው አባቶችና እናቶች እንደ ወጣቱ ጎንበስ ቀና ለማለት አይታገሉ፤ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ፤ እስከዚያው በቀስታ መራመዱ ይበቃቸዋል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የከተማችን ስም ዓለም ጤና ነው፤ ስም ብቻውን ግን ጤና አይሰጥም። ከላይ የዘረዘርነው ሐሳብ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ እንዲቀርብ እንጠይቃለን። የምትቃወሙም የምትደግፉም መጥታችሁ ተናገሩ። እስከዚያው ግን ቅዳሜ በ12 ሰዓት እዚያው በተለመደው ቦታ እንገናኝ፤ ስትመጡም ባለፈው ዓመት ጀምሮ የቀረ አንድ ጎረቤት ይዛችሁ ኑ።

መልካም አዲስ ዓመት።