«ደመወዟ ለሞግዚት» የሚባለው ሒሳብ

ሰቆጣ ውስጥ ባልና ሚስቱ ሁለቱም ደመወዝተኛ ከሆኑ የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ አንድ ሒሳብ መሠራቱ አይቀርም። የእናቲቱ የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደብተር ይወጣል። የሚስት ደመወዝ ከላይ ይጻፋል፤ ከሥሩ ሞግዚት፣ የዱቄት ወተት፣ ዳይፐር፣ ለቢሮ የሚለበስ ልብስና ጫማ ይደረደራል። ይቀነሳል፤ የምትተርፈው ብር ጥቂት ናት። «ለዚች ብለሽ ነው ልጅሽን ለሰው የምትሰጪው?» ይላል ዘመድ። ከደሃና ለአራስ ጥየቃ የመጡት አማትም ይጨምሩበታል፦ «ልጄ፣ ደመወዝሽ ለሰው ልጅ ከሄደ ምን አደከመሽ?» ከዚያ መልቀቂያ ይጻፋል።

መቀነሱ ልክ ሊሆን ይችላል። የተጣመመው ገጹ ነው። የባል ደመወዝ እዚያ ገጽ ላይ የለም፤ እሱ በሌላ ገጽ ከቤት ኪራይ፣ ከጤፍ፣ ከዕቁብና ከዕድር ጋር ተጽፏል። ልጁ የሁለቱ ሆኖ ሳለ ወጪው ለእናትየው ብቻ ተቆጠረ። ሞግዚቷ እኮ ለእሱም ነው የምትሠራው። አባት ጠዋት ከቤት ወጥቶ ቢሮ የሚገባው ልጁን የያዘ ሰው ስላለ ነው። ዳይፐሩማ ጭራሽ አስቂኝ ነው፦ እናቱ ቢሮ ብትውልም ቤት ብትውልም ሕፃን ዳይፐር ያረጥባል፤ ታዲያ ሥራ በመሄዷ የመጣ ወጪ የሚሆነው በየት በኩል ነው?

የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው በግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ያደርገዋል። የእሷ ደመወዝ የእሱም፣ የእሱም የእሷ ነው። ቤተሰቡ ይህን ሕግ ቴሌቪዥን ሲገዛ ያስታውሰዋል፤ ቦታ ሲመራ ያስታውሰዋል፤ ሞግዚት ሲቀጠር ብቻ ይረሳዋል።

ቁጥሩን ራሱን እንየው። በ2018 መስከረም እንዲጀምር የተወሰነው የደመወዝ ማሻሻያ የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅን ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አድርጎታል። በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር አይገበርም። ከዚህ ደመወዝ 2,100 ብር ግብርና 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 805 ብር፣ ሲነሳ እጇ ላይ 8,595 ብር ይደርሳል። ሞግዚቷ 3,000 ብር ትከፈላለች እንበል፤ የምትበላውንም ጨምሩበት። ወጪው ለሁለት ከተካፈለ የሚስት ድርሻ ስንት እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው። እሷ ከለቀቀች በኋላ ደግሞ ባል ጉድለቱን ለመሙላት ማታ ማስተማር ወይም ሌላ ተጨማሪ ሥራ ይጀምራል። የወር ደመወዙ 14,000 ብር የደረሰ ሰው ከዚያ በላይ በሚያገኘው ገቢ ላይ 35 በመቶ ይገብራል። ስለዚህ እሷ ስታገኘው 2,100 ብር ብቻ የሚገበርበትን 11,500 ብር እሱ በላዩ ላይ ልጨምር ቢል 4,025 ብር ይቆረጥበታል። ግብራችን በነፍስ ወከፍ ስለሚሰላ ከአንድ ትልቅ ደመወዝ ሁለት መካከለኛ ደመወዝ ለቤት ይሻላል። ይህንን ግን ያ ደብተር ላይ ተጽፎ የሚያገኘው የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ደብተሩ የአንድ ወር መሆኑ ነው። ልጅ በሦስት በአራት ዓመቱ መዋለ ሕፃናት ይገባል፤ የሞግዚት ወጪም ያኔ ይቀንሳል ወይም ይቀራል። የለቀቀች ሴት ግን በአራተኛው ዓመት የለቀቀችበትን ወንበር አታገኘውም። አብረዋት የተቀጠሩት እርከንና እድገት አግኝተዋል፤ እሷ እንደገና ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ከአዲስ ተመራቂዎች ጋር ትሰለፋለች። በየወሩ ከሷ 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይገባ የነበረው የጡረታ መዋጮም ቆሟል። አገልግሎቷ 10 ዓመት ካልሞላ በስተርጅና ዕድሜ ልክ የሚከፈል አበል የለም። ባሏ ጡረታ ሲወጣ በስሙ የሚቆረጥ አበል አለው፤ ቤቱን ስትይዝ የኖረችው ሴት በስሟ የላትም። ትዳሩ ከፈረሰ ፍርድ ቤት ቤቱንና ዕቃውን ያካፍላል፤ ያልተቆጠረ የሥራ ዘመን ግን ከየት አምጥቶ ያካፍላል?

በዚህ ሒሳብ ውስጥ የማትታይ ሌላ ሴትም አለች፦ ሞግዚቷ ራሷ። ብዙ ጊዜ ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ ገጠር የመጣች፣ ትምህርቷን ያቋረጠች ወይም ማታ ልትማር ያሰበች ልጅ ናት። «ሞግዚት ተወደደ» የሚለው ቅሬታ ሲሰማ የእሷን ደመወዝ ማን እንደተመነው የሚጠይቅ የለም። አያት ይምጡ የሚባለውም መፍትሔ ነጻ አይደለም፤ አያት በመኸር ወቅት የሚተዉት አዝመራና ከብት አላቸው። አንዲት ሴት ሥራዋን እንድትይዝ ሌላ ሴት የራሷን ትጥላለች፤ አባት ግን ከመጀመሪያውም አልተጠየቀም። ሚስት ነርስ ሆና ከመምህር ባሏ የበለጠ በምታገኝበት ቤት እንኳ «እሱ ቤት ይዋል» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሒሳብ ቢሆን ኖሮ እዚያ ቤት መልሱ በተገለበጠ ነበር። በስብሰባ ስለ ሴቶች ተጠቃሚነት ሁለት ሰዓት የሚናገረው ኃላፊ ሳይቀር ቤቱ ሲገባ ይህንኑ ደብተር ይዞ ይቀመጣል።

ጥፋቱ ሁሉ የባልና ሚስት ነው ብል ግን ሐሰት ይሆናል። በሐምሌ 2007 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ለቃሉ የሰጠው ስም የዚችን ከተማ ነበር፦ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ የሚለው ምክር ከዚያ ወዲህ በየጤና ጣቢያው ሳይለጠፍ የቀረበት ግድግዳ የለም ማለት ይቻላል። የወሊድ ፈቃዱ ደግሞ በ2010ሩ የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነበር፤ ለአባት 10 የሥራ ቀን። ስድስት ወር ጡት፣ ሦስት ወር ፈቃድ። የቀረውን ሦስት ወር ማን ይሙላው? ያው አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያደራጁ ያዝዝ ነበር። አንባቢ በሚሠራበት ቢሮ ማቆያው የትኛው ክፍል እንደሆነ ካወቀ ዕድለኛ ነው።

በዚሁ አካባቢ ለድሃ የገጠር ቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጠው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከመሥሪያ ቤቶቹ የተሻለ ያስባል ብል ይገርም ይሆናል። የፕሮግራሙ መመሪያ እርጉዝና የምታጠባ እናት ከማኅበረሰብ ሥራ ወጥታ በቀጥታ ድጋፍ እንድትቆይ ይላል፤ ድጋፏ አይቋረጥም፣ ከዝርዝሩም አትሰረዝም። አፈጻጸሙ ሁልጊዜ እንደ ወረቀቱ ነው አልልም። ግን በመሬት ጥበቃ ሥራ ድንጋይ ለምትደረድር የገጠር እናት የታሰበው ዲግሪ ይዛ ፋይል ለምታገላብጠው አልታሰበም።

ልጇን ራሷ ማሳደግ የምትፈልግ እናት አለች፤ በፍላጎቷ ላይ የምለው የለኝም። እሷም ብትሆን ምርጫዋ «ደመወዝሽ አያዋጣም» በሚል ሐረግ መሸፈን የለበትም። ቤት ትዋል ከተባለ ሁለቱ ቁጭ ብለው የሚቋረጠውን ጡረታና የሚቀረውን እድገት በብር ይጻፉት፤ በየወሩ ከባል ደመወዝ በስሟ ወደ ባንክ የሚገባ ገንዘብም ይወስኑ። አማትም እዚያው ቢሰሙት መልካም ነው። ቸኩላ መልቀቂያ ከማስገባቷ በፊትም የሰው ሀብት ክፍሉን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ትጠይቅ፤ በቂ ምክንያት ላለው ቋሚ ሠራተኛ ሕጉ ይህን በር ከፍቷል። ማመልከቻው ላይ የሚመለሱበት ቀን ይጻፋል። ባልም የራሱን 10 ቀን የት እንዳዋለው በዚያው ደብተር ላይ ያስፍር።