ሪፖርቱ ሞልቷል፤ ልጆቹስ የት አሉ?

ሰኔ መጣ ማለት ሪፖርት መጣ ማለት ነው። በየወረዳውና በየትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ፣ የወጣት ሴቶች ማኅበር፣ ሊግ፣ ፌዴሬሽን የሚባለው ሁሉ የዓመት ሥራውን ያነባል። ይህን ያህል ስብሰባ ተካሄደ፤ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፤ የሴቶች ቀን በደማቅ ሁኔታ ተከበረ፤ ግንዛቤ ተሰጠ። ይጨበጨባል፣ ቡና ይጠጣል፣ ወረቀቱ ወደ ዞን ይላካል። ከዚያ ሁሉ ቁጥር መሐል አንዱ ብቻ የለም። በመስከረም ስማቸው ከተመዘገበው ልጆች ውስጥ ሰኔ ላይ ደብተር ይዘው የሚመጡት ስንት ናቸው?

እኛ ይህን ጥያቄ ይዘን ተነሥተናል። መልሱን የምንፈልገው ደግሞ ከዲማ ነው። ለምን ከዲማ? ዲማን ሥነ ጽሑፍ የሚወድ ሁሉ ያውቃታልና። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዲማ ጊዮርጊስ ጋር አስተዋውቆናል። ደራሲው ራሳቸው ቅኔ ከቀጸሉባቸው አገሮች አንዷ ናት። በዚህ መጽሔታችን ስለ ሰብለ ወንጌል ያልጻፈ ማን አለ? ስለ ፍቅሯ፣ ስለ እንባዋ፣ ስለ ምንኩስናዋ ጽፈናል። ግን አንድ ነገር አልጠየቅንም። ሰብለ ወንጌል ጓደኛ ነበራት ወይ?

ልብ በሉ! ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው መምህር አልነፈጓትም። በዛብህ ቤት ድረስ መጥቶ አስተምሯታል። ፊደል አውቃለች፣ መጽሐፍ አንብባለች። ያልነበራት የእኩዮቿ ጉባኤ ነው። እንደ እሷ ሴት የሆኑ፣ እንደ እሷ ባልና አማች የሚመረጥላቸው፣ ተሰብስበው «ይህ ነገር እንዴት ነው?» የሚባባሉ ልጆች አልነበሩም። ወንዶቹ የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ ለጎጆ ሆነው ቅኔ ሲዘርፉ፣ ሲከራከሩ፣ ሲጣሉ ሲታረቁ ነው ያደጉት። እሷ ግን ከአጥር ውስጥ ብቻዋን አነበበች። ፊደል ያወቀች ብቸኛ ልጅ እስር ቤቷን በደንብ ታነበዋለች እንጂ አታፈርሰውም። የሴት ልጆች ድርጅት ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ችግኝ ለመትከል አይደለም፤ ሴት ልጅ ብቻዋን እንዳትሆን ነው።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት እየጠቀሱ ባህል ነው አትንኩት የሚሉን አሉ። የቱ ባህል? እማሆይ ገላነሽን የመሰለች ዓይነ ስውር የቅኔ መምህርት ያየው ጎጃም አይደለም እንዴ? ወንዶቹ ከእግሯ ሥር ተቀምጠው ቅኔ ሲማሩ ባህሉ የት ሄዶ ነበር? ባህል የሚጠቅሱልን ሰዎች ከባህሉ የሚመቻቸውን ብቻ ነው የሚጠቅሱት።

ሌሎች ደግሞ «ሕግ አለ እኮ፣ ምን ትጮሃላችሁ?» ይሉናል። አዎን አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይል ነበር፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወደ 18 አደረሰው፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ወንጀል ብሎ፣ ልጅቷ 13 ዓመት ካልሞላት እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ። ያማረ ነው! ግን ዳኛው ዕድሜዋን በምን ይወቅ? በአገራችን የልደት ምዝገባ በየቀበሌው መካሄድ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ገጠር ለተወለደች ልጅ ዕድሜዋ አባቷ የተናገረው ነው። ሽማግሌ የተላከ ዕለት «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ይባላል፤ በቃ፣ ሞላት። ይህን ውሸት ማን ሊያጋልጥ ይችላል? አጠገቧ የተቀመጠች የክፍል ጓደኛዋ ናት። እሷ ታውቃለች። ለዚህ ነው ድርጅቱ ከሕጉ የማይተናነሰው።

ድርጅት ስንል ግን የትኛውን? ያለፈውንም አይተናል። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርና የወጣቶች ማኅበር ከቀበሌ እስከ አገር ተዋቀሩ። የሠሩትን አንክድም፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስማቸውን መጻፍ የቻሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ነገር ግን አጀንዳው ከላይ ይወርዳል፣ መዋጮው ወደ ላይ ይወጣል። ልጆቹ የሚፈለጉት ለሰልፍና ለመፈክር ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ማኅበሮቹም አብረው ወደቁ። ከላይ የተንጠለጠለ ገመዱ ሲበጠስ ይወድቃላ! ከዚያ ወዲህ የመጡት «አንድ ለአምስት» እና «የልማት ቡድን» ስማቸው ተለወጠ እንጂ አመላቸው ያው ነበር፤ ከታች ቁጥር ይለቅማሉ፣ ወደ ላይ ያስረክባሉ።

ከዚህ የተለየ ነገር ደግሞ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ተሞክሯል። «ብርሃነ ሔዋን» ይባላል። በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ ላይ፣ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. የክልሉ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ከፖፑሌሽን ካውንስል ጋር ያካሄደው ሥራ ነው። ነገሩ ቀላል ነበር። ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች በአካባቢያቸው ሴት መሪነት በቡድን ይገናኛሉ፤ ተማሪዋ ደብተርና እርሳስ ታገኛለች፤ ትምህርት ያመለጣት ፊደል ትቆጥራለች፤ ያገባችውም አትባረርም፣ የራሷ ቡድን አላት። ወላጆችና ሽማግሌዎች ለብቻ ይወያያሉ። ልጅቷን ሳይድሩ ፕሮግራሙን ላስጨረሱ ቤተሰቦች መጨረሻ ላይ የሚረባ እንስሳ ይሰጣል።

ውጤቱ ሲለካ ምን ተገኘ? ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ለንጽጽር ከተያዘው ቀበሌ ልጆች ጋር ሲተያዩ፣ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ። የመዳር ዕድላቸው ደግሞ ከአሥር እጅ ወደ አንድ እጅ ወረደ። በሁለት ዓመት! «የገበሬው አእምሮ አይለወጥም» ለሚሉ የከተማ ፈላስፎች ይህ በቂ መልስ ነው። አባት ልጁን የሚድረው ጠልቷት አይደለም፤ ጠለፋውን ፈርቶ፣ ሐሜቱን ፈርቶ፣ «ሳልሞት ለወግ ለማዕረግ ላብቃት» ብሎ ነው። ፍርሃቱን የሚያቃልልለት ሲያገኝ እጁን ሰበሰበ።

ግን የሪፖርት ጸሐፊዎች የሚዘሉት ሌላ ግማሽ አለ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ልጆች ከንጽጽሩ ቀበሌ ይልቅ ያገቡት እነሱ በዙ። አንዳንዱ «ዘግይተው አገቡ፣ ይህም ድል ነው» ይላል። በ12 ከመዳር በ16 መዳር ይሻላል፣ አንክድም። እኛ ግን አናጨበጭብም። ልጅቷን እስከ 14 የጠበቃት ድርጅት በ15 ዓመቷ ምን አዘጋጀላት? 8ኛ ክፍል ስትጨርስ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ከተማ ነው። ከተማ ማለት የቤት ኪራይ ነው፤ በየሳምንቱ ከቤት የሚመጣ ስንቅ ነው፤ በቅጡ የማይዘጋ በር ነው፤ የአባት ሥጋት እንደገና ነው። ድርጅቱ እስከ ወንዙ ዳር ሸኝቷት ተመለሰ። ድልድዩን ግን አልሠራም።

እንግዲህ ዓመቱ በምን ይለካ? የሴቶች ቀን የሚከበረው የካቲት 29 ነው። በጎጃም ሠርግ የሚበዛው ግን ከጥምቀት እስከ ቅበላ ነው፤ ቀሪው ከፋሲካ በኋላ ይመጣል። እንግዲያው አብዛኛውን ጊዜ «እኩልነት!» ብለን የምንሰለፈው ድንኳኑ ከተነቀለና ጾሙ ከገባ በኋላ ነው። ልጅቷ ሄዳለች፤ ሰልፉ ለማን ነው? የዓመቱ ዕቅድ ከቢሮ የቀን መቁጠሪያ ተቀድቶ ልጅ አያድንም። ኅዳርና ታኅሣሥ ለአጨዳና ለውቂያ ከትምህርት የምትቀረው ማን እንደሆነች ይታወቅ። ጥር ሳይገባ ሽማግሌ የተላከባት ማን እንደሆነች ቡድኑ ይወቅ፤ እናቷን የሚያነጋግር ሰው ይሂድ። ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ ሲነግሥ ስም ይጠራ። የቀረችው የት ሄደች ይባል። ያ ነው ሪፖርት!

ይህም ብቻ አይበቃም። መዝገቡንና ገንዘቡን ልጆቹ ራሳቸው ይያዙት። ከወንድ መምህር መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ቃለ ጉባኤ የእነሱ አይደለም። 9ኛ ክፍል ለሚገቡት በከተማው የጋራ ማደሪያ ይፈለግ፤ በር የሚዘጋ፣ አንዲት ትልቅ ሴት የምታድርበት። ያገባችዋን ልጅ «አለቀላት» ብለን ስሟን አንሰርዝ፤ ከሁሉ ይልቅ ጓደኛ የሚያስፈልጋት እሷ ናት።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ከፍቷል። በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ትምህርት ቤት በሌለበት «ምን ታደርጋለች ቤት ተቀምጣ?» የሚለው ቃል ለድግሱ ጤፍ ማስፈጨት ይጀምራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከትምህርት ቤት ጋር ብቻ የታሰረ ክበብ አብሮ ይዘጋል። የልጆቹ የራሳቸው የሆነ ግን ወንዝ ሲወርዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ፣ እንጨት ሲለቅሙ ይሰበሰባል። ማኅተም አያስፈልገውም።

«ይህ ሥነ ጽሑፍ ነው ወይ?» የሚሉን ጓደኞቻችን አሉ። ነው እንላለን። ሰብለ ወንጌልን አልቅሰን ዘግተን፣ ዛሬ ዲማ ላይ ውኃ የምትቀዳውን ልጅ ካላየን ያነበብነው ምንድን ነው? ለመጽሐፍ ማልቀስ ቀላል ነው፤ ወጪ የለውም። በዚህ ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ እያንዳንዳችን በየቀበሌያችን ያለውን የሴት ልጆች ማኅበር እንጠይቅ። ሪፖርቱን አይደለም፤ መዝገቡን እንጠይቅ። ከመዝገቡ ላይ ስም በስም እያነበብን «ይህችስ የት አለች?» እንበል። የሚመልስልን ሰው ካጣን፣ መልሱን እናውቃለን።