ፍጥነቱ ከስንቁ እንጂ ከእሳቱ አይደለም

የመስክ ጉዞ በታሰበ ቁጥር በተማሪዎች መካከል አንድ ክርክር ይነሣል፤ ይኸውም ጫሞ ሐይቅ አካባቢ ድንኳን ተክለን ስናድር ምን እንብላ የሚለው ነው። ገሚሱ ዳቦና ሣርዲን ይበቃል ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲደክም ለዋለ ሰው ደኅና ወጥ ይገባዋል ይላል። እኛ ከወጥ ፈላጊዎቹ ወገን ነን። ይሁን እንጂ ወጡ ፈጥኖ እንዲደርስ ሲባል እንጨት በላይ በላይ መማገድ ከሳይንስም ሆነ ከአካባቢ ጥበቃ አንጻር የሚደገፍ አይደለም።

ለመሆኑ እሳቱ ሲበረታ ምግቡ ይፈጥናልን? ውኃው እስኪፈላ ድረስ አዎን። ከፈላ በኋላ ግን የውኃው ሙቀት ከዚያ አያልፍም፤ የተጨመረው እሳት ውኃውን ወደ እንፋሎት ይለውጣል እንጂ ምግቡን አያፋጥንም። ጫሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ጉዞው ወደ ጨንቻ ከቀጠለ፣ ከፍታው 2,700 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ይኸው መጠን ወደ 91 ዲግሪ ይወርዳል። በመሆኑም በጫሞ ዳር የበሰለ ምስር በጨንቻ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ከሁሉ ይልቅ ማገዶ የሚፈጀው ሽንኩርት ማቁላላት ነው። ከ1 ኪሎ ግራም ሽንኩርት 890 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። ውኃን ማትነን ከተራ ሙቀቱ አንሥቶ ከማፍላት ሰባት እጥፍ ያህል ኃይል ይጠይቃል። ሦስት ጉልቻ ደግሞ ከእንጨቱ ኃይል ወደ ድስቱ የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ነው። ሂሳቡ ሲሠራ፣ የ1 ኪሎ ሽንኩርት ውኃ ተሟጦ እንዲወጣ 1 ኪሎ ያህል ደረቅ እንጨት ይነድዳል።

ይህ እንጨት ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ በአባያና በጫሞ መካከል ይገኛል። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች የሚፈልቁትም በዚያው ደን ውስጥ ነው። ደኑ ለብዙ ዓመታት ለማገዶ ሲቆረጥ ኖሯል። ለኑሮዋ ስትል ማገዶ የምትሸከመውን እናት ከመውቀሳችን በፊት እኛ ለአንድ ምሽት ደስታ የምናነድደውን እንቁጠር።

መፍትሔውን አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቁት ነበር። በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ እሳታቸውን እቤት ጨርሰው የሚወጡ ስንቆች ናቸው። እኛም ቁሌቱን በበርበሬና በዘይት አብስለን በንጹሕ ዕቃ እንያዝ፤ በዚያው ዕለትም እንጠቀምበት። እቤት ቢቁላላስ ያው ኃይል አይፈጅምን የሚል ይኖራል። ይፈጃል፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ ወይም የተሻሻለ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ያነሰ ያባክናል፤ ከደኑም እንጨት አይወስድም።

ዓሣውን፣ ቆሮሶም ሆነ ናይል ፐርች፣ ከከተማው ሻጮች አጽድተው እንዲሰጡን እንጠይቅ። ጫሞ የአዞ ሐይቅ ስለሆነ በዳርቻው ዓሣ ማጠብ ወይም የዓሣ ተረፈ ምርት መጣል አደገኛ ነው። የዓሣ ሥጋ ጅማቱ ጥቂትና በቀላሉ የሚሟሟ በመሆኑ እንደ በሬ ሥጋ ረጅም ጊዜ አይፈልግም። በስሱ ቢቆረጥ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀት መሐሉ ድረስ ለመዝለቅ የሚወስደው ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳልና። ቁሌቱ በጥቂት ውኃ ሲፈላ ዓሣው ይጨመርበት፤ ድስቱ ይከደን፤ እሳቱም ይቀነስ። ከድርቆሽ ወይም ከጋሞ ደጋ ቆጮ ጋር ሲቀርብ እንግዳ የማያሳፍር ራት ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ አንዱ ቡድን በልማዱ፣ ሌላው በዚህ መንገድ ያብስል፤ ሁለቱም የሚያነድዱትን እንጨት አስቀድመው ይመዝኑ። ክርክሩን ከእኛ ቃል ይልቅ ሚዛኑ ይፍረደው።