ቦሎ ክትባት እንጂ ግብር አይደለም

«ዶክተር፣ ታርጋና ቦሎ ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኛቸው?» የምትሉኝ አትጠፉም። የሰሊጥ አጨዳን ወቅት መተማ ቆላ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ያሳለፈ ባለሙያ ግን ይሄን አይጠይቅም። እዚያ ወባና ካላዛር እናክማለን። ከእነሱ እኩል የምፈራው ግን ፍሬን እምቢ ያለው አይሱዙ ነው።

መንገዱን አስቡት። ከጎንደር ተነስቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወደ 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ መውረድ ትቶ ፍሬን ላይ ብቻ የቆመ ሹፌር ፍሬኑን ያግለዋል። የጋለ ፍሬን አልይዝ ይላል፤ ሸራው ያለቀ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም። ታች ሲደርስ ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጥርሱ ያለቀ ወይም ንፋሱ የጎደለ ጎማ ከአቅም በላይ ጭነት ተሸክሞ በጋለ አስፋልት ሲሮጥ ይፈነዳል። ከላዩ ደግሞ ከጭነቱ ጋር የተቀመጡ የቀን ሠራተኞች አሉ።

እንግዲህ የዓመታዊ ምርመራ ሥራ ይሄ ነው፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ፣ መብራት። ሕጉ ማንኛውም ተሽከርካሪ ተመዝግቦ ሰሌዳ እንዲኖረውና በየዓመቱ እንዲመረመር የሚያዘው ለጌጥ አይደለም። እኔ ቦሎን የማየው እንደ ክትባት ነው፤ በሽታው ሳይመጣ የሚሰጥ፣ የሌላውንም ሰው ሕይወት የሚጠብቅ።

ችግሩ እኛ እንደ ግብር መቁጠራችን ነው። «ቦሎ አወጣሁ» እንላለን እንጂ «መኪናዬን አስመረመርኩ» አንልም። ለምርመራ ቀን ብቻ ደህና ጎማ ተውሶ የሚገጥም አለ። መኪናው ሳይቀርብ ወረቀቱ ብቻ የሚመጣበት መንገድም እንዳለ ሁላችንም እንሰማለን። ይሄ እኮ የጓደኛን ሽንት ይዞ ላቦራቶሪ እንደመምጣት ነው! ውጤቱ «ደህና ነህ» ይላል፤ በሽታው ግን ከእናንተው ጋር ወደ ቤት ይመለሳል።

ታርጋስ? ታርጋ የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። እኔ ግን የማየው ከተጎጂው አልጋ አጠገብ ሆኜ ነው። በሕግ ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። በመኪና የተጎዳ ሰው ድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ወጪውም ሕጉ እስካስቀመጠው ጣሪያ ድረስ ይሸፈናል። ገጭቶ ያመለጠው ካልታወቀ ደግሞ የመድን ፈንድ አለ። ታርጋው ከታወቀ ግን ባለቤቱም መድን ሰጪውም ወዲያው ይታወቃል። ታርጋው በጭቃ የተሸፈነ፣ የታጠፈ ወይም ጭራሽ የሌለው ባጃጅ፣ ሞተር ወይም የትራክተር ተሳቢ ሲገጭ፣ ለአጨዳ ከሩቅ የመጣው ልጅ እግሩ ተሰብሮ «ማን ገጨህ?» ሲባል መልስ የለውም። ቤተሰቡ ካሳ ለመጠየቅ ከየት ይጀምር?

«ዶክተር፣ አንተ ከተማ ተቀምጠህ ነው፤ ከቋራ ወይም ከምዕራብ አርማጭሆ በረሃ ተነስቶ ለምርመራ መመላለስ ነዳጅም ጊዜም ይፈጃል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። ለዚህም ነው የሚመለከታቸውን የትራንስፖርት ቢሮዎች የምጠይቀው፦ ክትባት በዘመቻ ገጠር ድረስ እንደሚወርድ፣ የሰሊጡ ጭነት ከመጀመሩ በፊት በመስከረም ተንቀሳቃሽ የምርመራ ቡድን ወደ ቆላው ይውረድ። ግን መንገዱ መራቁ ያለቀ ፍሬን ይዞ ሰው ለመጫን ፈቃድ አይሆንም። በመተማ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ጎንደር ሲላክ ብዙ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። የውስጥ ደም መፍሰስ ያን ያህል አይጠብቅም።

እናንተ ዛሬ ምን ታድርጉ?

1. ከመሳፈራችሁ በፊት ጎማውን፣ ታርጋውንና መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ እዩ። ጎማው ካለቀ አትሳፈሩ፤ በጭነት ላይ ደግሞ በፍጹም።

2. ረጅም መንገድ ስትሳፈሩ ታርጋውን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለቤተሰብ ላኩ።

3. አደጋ ካያችሁ መጀመሪያ ተጎጂውን እርዱ፤ አንዳችሁ ግን ታርጋውን ያዙ። ጤና ተቋም ስትደርሱ ለፖሊስም ለሐኪሙም ንገሩ።

4. ባለንብረት ከሆናችሁ የሦስተኛ ወገን መድናችሁን አሳድሱ፤ ለምርመራም በየቀኑ የሚሮጥበትን ጎማ ይዛችሁ ቅረቡ። ተሳቢ ካላችሁ የተሳቢውንም ታርጋ አትርሱ።

ሹፌር ወይም ባለመኪና ወዳጅ ያላችሁ ይህን ላኩላቸው። ቦሏችሁ መቼ ያልቃል? አሁኑኑ ወጥታችሁ እዩትና በኮሜንት ጻፉልኝ።

መልካም ጤና፣ መልካም መንገድ!